በስቅለት ዕለት የደወሉልኝ እትዬ ብዙነሽ

ለእትዬ ብዙነሽ ወዳጆች ሁሉ፤

ልብስ ሰፊዋ እትዬ ብዙነሽ በቀዳም ሥዑር ማለዳ እዚሁ ሀርጌሳ፣ ሐኪም ቤት ውስጥ ዐርፈዋል። በዚያው ዕለት ቀትር ላይ አስከሬናቸውን ይዘን ድንበር ተሻገርን፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ጅግጅጋ ተቀበሩ። በሰሞነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ ሥርዓተ ቀብራቸው በዝምታ ተፈጸመ። እሳቸው ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሆሳዕና፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድሞ የሚጸለየውን ጸሎት ለበዓሉ እዚያው ጅግጅጋ ተሻግረን፣ ቤተ ክርስቲያን ከእኔ ጎን ቆመው ሰምተውት ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንባባቸውን እንደ መለኪያ ሜትር በእጃቸው ጠቅልለው። የራሳቸውን ፍትሐት በእግራቸው ቆመው እየሰሙ እንደነበር ከመካከላችን ማን ዐወቀ?

ይህን ጽሑፍ በአርባቸው ቀን እንዳነብብ የጠየቃችሁኝ እናንተ ናችሁ። «አንቺ መጻፍ ትችያለሽ፣ አብረሻቸውም ኖረሻል፤ ራሳቸውን እንዴት ይገዙ እንደነበር ለወጣቶቹ ንገሪልን» አላችሁኝ። እሺ አልኩ። ስጽፈው ግን የእሳቸው ነገር ከእኔ ነገር ጋር ተሰፍቶ አገኘሁት፤ አንዱን ስተረትረው ሌላው አብሮ ይመጣል። ስለዚህ እንዳለ አቀርበዋለሁ።

እትዬ ብዙነሽን ሀርጌሳ ከመጡ በኋላ የተዋወቃችሁ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ዋናው መንገድ ዳር፣ ከሻይ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ታስታውሷቸዋላችሁ። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር፤ ለሴቶቹ ድሪያ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስ፣ ለሾፌሮቹ የተቀደደ ሱሪ። ቤቱ የወይዘሮ ሆዳን ነው። ሆዳን የከተማው ተወላጅ ናት፤ በሶማሊኛ አንቱታ ስለሌለ ሁላችንም «አንቺ» እንላታለን፤ እዚህም እንደዚያው ልጻፋት። እኔ ከሰው ቤት ሥራ ወጥቼ መድረሻ ባጣሁ ጊዜ እትዬ ከመኪናው በስተጀርባ ባለችው ጓዳ ፍራሽ አነጠፉልኝ፤ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መዘምዘም አስተማሩኝ። ከየት መጣሽ፣ ለምን ወጣሽ ብለው አልጠየቁኝም። ጥያቄያቸው «ዓይንሽ ደህና ነው? ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ይታይሻል?» ብቻ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ድሬዳዋ፣ በማታ ትምህርት። ዘግይቶ የተማረ ሰው እንደ እኔ ድርቅ ይላል፤ የያዘውን ሕግ የሚነጥቀው ያለ ይመስለዋል። በማኅበራችን የስልክ ገጽ ላይ የእያንዳንዳችሁን አጻጻፍ ሳርም፣ በየትኛው ቀን ምን እንደሚጾም ስቆጣጠር ችላችሁኛል። እትዬ ደግሞ ይስቁብኝ ነበር። «ጽጌ፣ አንቺ ጳጳስ ሆነሽ ብትወለጂ እኛ ሁላችን በረሃብ እናልቅ ነበር» ይሉኛል።

በሥራቸው ላይ የሚደርስባቸውን ቁጣ እንዴት እንደሚሸከሙት ላስታውሳችሁ። አንድ የዒድ ዋዜማ፣ ድሪያዋ ጠበበኝ ያለች ደንበኛ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ጮኸች። ሻይ ቤቱ ያሉት ወንዶች ሁሉ ዞረው ያያሉ። ሐበሻ ጨርቅ ይሰርቃል እስከማለት ደረሰች። ልኩን የጻፍኩት እኔ ስለነበርኩ ትክክል እንደነበረ ዐውቃለሁ፤ መናገር ስጀምር እትዬ በዓይናቸው አስቆሙኝ። ስፒሎቹን ከስፒል መሰኪያ ትራሳቸው እየነቀሉ አንድ በአንድ በከንፈራቸው ያዙ። ተንበረከኩ። የሴትዮዋን ጎን ተርትረው፣ በስፒል ይዘው፣ እዚያው መኪናው ላይ አሰፉላት። ስትሄድ ስፒሎቹን መዳፋቸው ላይ ተፉና፣

«አፍ ስፒል ሲይዝ ክፉ ቃል አይወጣም» አሉኝ። «ልውጣ ቢልም መጀመሪያ የሚወጋው የራሴን ከንፈር ነው።»

«ልኩ እኮ ትክክል ነበር» አልኳቸው።

«ትክክል ነበር። ታዲያ ሴትዮዋ ወፍራለች ብዬ በዓል ሲደርስ ልንገራት?»

ከዚያ በኋላ ስፒል በአፋቸው ባየሁ ቁጥር ለስፌቱ ይሁን ለንዴቱ መለየት ያቅተኝ ነበር።

ሸምሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከጅግጅጋ ጭነት የሚያመላልሰው የሐረሩ ልጅ። እሱ ሙስሊም ነው፣ እትዬን ግን «እናቴ» ይላቸዋል፤ በየዓመቱም ለቀዳም ሥዑር ግንባራችን ላይ የምናስረውን ቄጤማ በጋቢናው ይዞልን ይመጣል። በሩ ላይ ሲደርስ ነገር ሳይወረውር አያልፍም። አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም ምሳ ስንበላ ደረሰና፣ «ሆድ ሙሉ ሽሮ በልቶ ጾምኩ ማለት! ይህን ጾም ማን ባስተማረኝ!» አለ።

እትዬ ቀና አላሉም። «አንተ ቀኑን ውሃ ሳይቀር ጾመህ ማታ ፍየል ትጨርሳለህ። ፍየሏ ብትጠየቅ የማንን ጾም የምትመርጥ ይመስልሃል?»

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ በረመዳን ቀን ቀን ሱቃቸው ውስጥ ውሃ እንኳ አይጠጡም ነበር። ደንበኛቸው ከንፈሯ ደርቆ ቆማ እሳቸው ፊቷ ብርጭቆ ማንሣት እንደማይሆንላቸው ይናገሩ ነበር። ደወል በማይሰማበት ከተማ፣ ክርስትናችንን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሳይሆን በጠባያችን ብቻ በምንይዝበት ቦታ፣ ራስን መግዛት ለእሳቸው እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነበር።

ስልክም መጣ። ባሕር ማዶ ያለው የወንድማቸው ልጅ ትልቅ ስክሪን ያለው ስልክ ሲልክላቸው፣ እትዬ እንደማንኛችንም ተሸነፉ። አጫጭሩን ቪዲዮ ማየት ጀመሩ። ድመት ከዶሮ ሲጣላ፣ ሰው ከአህያ ሲወድቅ። የከሰዓቱ የአሱር አዛን እስኪሰማ መኪናው ቆሞ የሚውልበት ቀን ነበር፤ ዩኒፎርም ሊወስዱ የመጡ እናቶች ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። አንድ ቀን ራሳቸው ደነገጡ። የብስኩት ቆርቆሮ ነበራቸው፣ ክር የሚያስቀምጡበት። ስልኩን ከክሮቹ ጋር ከተው ክዳኑን ገጠሙ።

«ክፉ ነገር አይደለም» አሉኝ። «ብቻ እኔ ይዤዋለሁ ወይስ እሱ ይዞኛል የሚለውን በየዕለቱ ማጣራት አለብኝ።»

በዚያው ደቂቃ ቆርቆሮው ውስጥ ጮኸ። ክዳኑን ከፍተው አነሡ፤ ስለ አንድ ጉርድ ቀሚስ የምትጠይቅ ደንበኛ ነበረች። ሣቅኩባቸው፤ ገና ከመዝጋታቸው መክፈታቸው! «ሲጠራማ አነሣለሁ» አሉ፣ የኔ ሣቅ ሳይገባቸው። «የሚጠራው ሰው ነዋ።»

የመጀመሪያውን አባባላቸውን ያዝኩት፤ ለብዙዎቻችሁም ደጋግሜ ነግሬያችኋለሁ። ሁለተኛውን ሰምቼ ጣልኩት።

ሌላም የጣልኩት አለ። የሆዳን ወንድም ባሕር ላይ የጠፋ ጊዜ፣ ለቅሶው ቤቱን ሞልቶ ሳለ፣ ሆዳን ከሰው ሁሉ ሸሽታ ወደ እትዬ ሱቅ መጣች። በወተት የፈላ ሻይ በፔርሙዝ ይዛለች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁለት ብርጭቆ ቀዳች። እኛ ዐቢይ ጾም ላይ ነን። እትዬ ብርጭቆውን ተቀበሉ። ሆዳን ታወራለች፣ እሳቸው ይሰማሉ፣ ይጠጣሉ። እስከ መጨረሻው ጠጡት። እሷ እንደወጣች፣

«እትዬ፣ ጾም ነው እኮ» አልኩ።

«ዐውቃለሁ።»

«ወተት አለበት።»

«ቀምሼዋለሁ ጽጌ፤ ወተትነቱ አልጠፋኝም።» ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመሩ። «ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ የሚሉኝንም እቀበላለሁ። የሆዳን ልቅሶ ግን ዛሬ ነው።»

የያዝኩትን ቁልፍ መትከሌን ቀጠልኩ። እሳቸው ግን ፊቴን አይተው ጨመሩበት፤ «ልጓም የተሠራው በቅሎዋን ለማቆም ብቻ መሰለሽ? ለማቆምማ ገመድ ይበቃል። ልጓም ወደምትሄድበት እንድትሄድ ነው።»

አኮረፍኳቸው። አብሬያቸው እየኖርኩ፣ ከእጃቸው እየበላሁ፣ ቃል ሳልተነፍስላቸው ሰነበትኩ። ያን ዝምታዬን ራስን መግዛት ብዬው ነበር። በልቤም ከእሳቸው የተሻልኩ ጿሚ ነበርኩ።

ከጊዜ በኋላ በዚያው ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ሳገኝ የራሴን ክፍል ተከራየሁ። እትዬ መርቀው ሸኙኝ፤ የመስኮት መጋረጃ ሰፍተው ራሳቸው ሰቀሉልኝ። እኔም እንደ እሳቸው የብስኩት ቆርቆሮ ገዛሁ። የእኔ ሕግ ግን ጠበቅ ያለ ነበር። ዘንድሮ ሰሞነ ሕማማት ሲገባ በገጻችን ላይ ምን ብዬ እንደለጠፍኩ ታስታውሳላችሁ፤ እስከ ትንሣኤ ስልክ እንደማላነሣ፣ እናንተም እንደዚያው ብታደርጉ ለነፍሳችሁ እንደሚበጅ። አንዳንዶቻችሁ የተጣመሩ እጆች ምልክት ላካችሁልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ስልኬን ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ፤ አላጠፋሁትም። እየጮኸ ሳላነሣው መዋልን ፈልጌ ነበር። ያልጮኸ ስልክ አለማንሣት ምን ገድል አለው ብዬ።

በዚያ ሳምንት እንደምታውቁት አንሳሳምም፣ እጅ አንጨባበጥም፣ «እንደምን ዋሉ» አንባባልም፤ የይሁዳን ሰላምታ እያሰብን ነው። ረቡዕ ከሥራ ስመለስ እትዬን ከሱቃቸው ውጪ አየኋቸው። ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ስግደቱ አድክሟቸዋል አልኩ በልቤ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። እሳቸውም አንገታቸውን ደፉልኝ፤ ሥርዓት ነውና።

ሰላምታ ይቅር ማለት «ምን ሆኑ?» ብሎ መጠየቅም ይቅር ማለት እንዳልሆነ ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔ ግን ብጠይቃቸው ሕጉን የጣስኩ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ስቅለት ሆነ። ከተማው በጁምዓ ምክንያት ሥራ ፈት ነው፤ ከመስጊዱ የኹጥባው ስብከት ይሰማል፤ እኔ በሬን ዘግቼ እሰግዳለሁ። ቆርቆሮው መደርደሪያ ላይ ጮኸ። ቆርቆሮ ውስጥ የሚጮህ ስልክ ጣሳ ውስጥ እንደገባ ንብ ነው፤ ግድግዳው ሳይቀር ይነዝራል። ከስግደቴ ተነሥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። «እትዬ» ይላል፣ ከፎቶግራፋቸው ጋር፤ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው እኔ ያነሣኋቸው ፎቶ። አየሁት። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጮኸ፤ ያን ጊዜ ለማየትም አልተነሣሁም፤ እስከ ማታም ደጋግሞ ሲጮህ አመሸ። ዝም ሲል ደስታ ተሰማኝ። ቃሉን ልጻፈው፤ «አሸነፍኩ» አልኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የኮፒ ቤቱን በር እንደከፈትኩ ሸምሱ መጣ። ቄጤማው በእጁ ነው፤ በእርጥብ ማዳበሪያ ተጠቅልሏል። እንደልማዱ ነገር ይወረውራል ብዬ ጠበቅኩ። በሩ ላይ ቆመ።

«ጽጌ፣ ስልክሽን የት ጥለሽው ነው?»

ቄጤማውን ኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። ሙስሊሞች የሞት መርዶ ሲሰሙ የሚሉት ነውና ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

በሸምሱ የጭነት መኪና ተሳፍረን ሄድን፤ እትዬ ከኋላ፣ እኔና ሸምሱ ከፊት። ድንበሩ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። ሆዳንም እሱም ሲደውሉልኝ እንዳመሹ፣ ክፍሌ የት እንደሆነ ሁለቱም እንደማያውቁ ነገረኝ። የሚያውቁት እትዬ ብቻ ነበሩ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ዝም ብሎ ነገሩን መንገሩ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ መንገድ ልቅሶ አልወጣልኝም። ራሴን መግዛት ለምጄ።

የቀረውን የሰማሁት ከሆዳን ነው። ከቀብር መልስ ቤቷ ሄድኩ። ዓርብ ቀትር ላይ እትዬ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍተው ያገኘቻቸው እሷ ናት። ባጃጅ እስኪመጣ ስልካቸውን አንሥተው ደወሉ፤ አልተነሣም፤ እንደገና ደወሉ። ከዚያ ለሆዳን ፈገግ ብለው፣ «አታነሣም፤ የእኛ ሳምንት ነው። ቆርቆሮውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሏት። ሆዳን የጽጌን ቤት ንገሪኝና ሰው ልላክባት ስትላቸው እንቢ አሉ። የእኔን ስግደት እንዳያቋርጡብኝ፣ ነገም እኔው እንደምመጣ ተናገሩ።

ለእኔ ሊከላከሉልኝ ነው። ግድግዳ ተደግፈው አንገታቸውን የደፉልኝ ሴት፣ ትንፋሽ እያጠራቸውም ስለ እኔ ይሟገቱ ነበር። ቢቆጡብኝ እንዴት በቀለለኝ።

ሆዳን ግን አንድ ጥያቄ ነበራት፤ እሷንም ሲያስጨንቃት የከረመ። ሐኪም ቤት ከገቡ በኋላ እትዬ ሶማሊኛውን ተዉት፤ በራሳቸው ቋንቋ ብቻ ይናገሩ ጀመር። አንድ ነገር ደጋግመው ይላሉ፤ ነርሷም እሷም አልገባቸውም። «ውሃ ፈልጋ ይሆን? ልጅ ጠርታ ይሆን? እኛ ዝም ማለት ከብዶን አሚን፣ አሚን አልን» አለችኝ። «አንቺ ብትኖሪ ትነግሪን ነበር።»

ብኖር እነግራቸው ነበር።

ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና እትዬ ሊሉ የሚችሉትን ሁሉ በየተራ አሰማኋት። ውሃ ስጡኝ። ስሜን። የወንድማቸውን ልጅ ስም። አቡነ ዘበሰማያትን። በእያንዳንዱ ራሷን ትነቀንቃለች። መጨረሻ ላይ፣ ሳላስበው፣ በስቅለት ቀን ስንሰግድ የምንደጋግመውን «ኪርያላይሶን» አልኩ። ሆዳን ጉልበቴን ያዘችኝ። «ይህ ነው» አለች። «ይህን ነው ደጋግማ ስትል የነበረው። ምን ማለት ነው?»

«ጌታ ሆይ፣ ማረን ማለት ነው» አልኳት።

«እንግዲያው አሚን ማለታችን ትክክል ነበር» አለችና አለቀሰች። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ስለ እሳቸው ራስን መግዛት የጠየቃችሁኝ ይህ ነው። ከእኔ የምትወስዱት ካለ፣ ክዳኑን መግጠም ቀላል ነው፤ እኔም ችዬዋለሁ። ሲጠሩ ሰምቶ መክፈት ግን እትዬ የሚችሉት ነበር።

እትዬ ብዙነሽ፣ በክርስትና ስምዎ ወለተ ሐና፤

በዚያች ዓርብ እርስዎ በአልጋ ላይ፣ እኔ በዝግ በር ውስጥ፣ አንዲት ቃል ስንል ውለን አምሽተናል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ተጽናኚ፣ አብራችሁ ጸልያችኋል» ይሉኛል። እኔ ግን ልዩነቷን ዐውቃለሁ። እርስዎ ቃሏን ያሉት ጠርተውኝ ካጡኝ በኋላ ነው፤ እኔ ያልኳት እየጠሩኝ ሳለ ነው። አሚን ያለችልዎትም ወተት ሻዩን አብረዋት የጠጡላት ሴት ናት። ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ቀኖናዬንም ተቀብያለሁ። ለእርስዎ ግን ገና አልተናገርኩም ነበርና ይኸው ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ።

ሆዳን ቆርቆሮዎን ሰጥታኛለች። ክሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ ጥቁሩ ሊያልቅ ተቃርቧል። ስልኬን ከእነሱ ጋር አስቀምጠዋለሁ። ሲጠራ እከፍታለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሆዳን ናት፣ የረባ ነገር የላትም፣ ድምፄን ልትሰማ ነው። ስፒሎቹንም ወርሻለሁ። በኮፒ ቤቱ ሰው ሲቆጣኝ አንዷን በከንፈሬ እይዛለሁ፤ ገና አለመድኩትም፣ ይወጋኛል።

ትንሣኤ ሲደርስ ሁሉም በሳምንቱ ያስቀረውን ሰላምታ ለባለቤቱ መለሰ። ተሳሳሙ፣ እጅ ተጨባበጡ። ረቡዕ ዕለት ግድግዳው አጠገብ ያስቀረሁት ግን እስከ ዛሬ እኔው ዘንድ አለ። ሕማማቱ ዐልፏል፣ አርባዎም ደረሰ፤ እንግዲህ በሥርዓቱም አይከለከልም።

እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?